የፊላደልፊያዋ መምህርት ይዛ የመጣችው ማርክ አልነበረም

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የድሮ ተማሪዬ ከአሜሪካ ደወለችልኝ። ዘጠነኛ ክፍል ታሪክ አስተምሬያታለሁ፤ ከዚያ ከቤተሰቧ ጋር ሄደች። አሁን በሳይኮሎጂ ልትመረቅ ነው። ለክሊኒካል ሳይኮሎጂ ፒኤችዲ ስድስት ቦታ አመልክታ ስድስቱም አልተቀበሏትም። "ቲቸር፣ 3.9 እኮ ነው ያለኝ!" አለችኝና አለቀሰች። (ስሟን ሳልጠቅስ እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች።)

እኔ በዲፕሎማ የማስተምር የታሪክ መምህር ነኝ። ስለ ፒኤችዲ ምን አውቄ ልምከራት? ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። "ማርካችሁ ፓስፖርታችሁ ነው" እያልኩ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ስለዚህ የምችለውን ሠራሁ፦ የሙያውን ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ።

እ.ኤ.አ. በ1879 ቪልሄልም ቩንት ጀርመን፣ ላይፕዚግ ውስጥ የሳይኮሎጂ ላቦራቶሪ ከፈተ። ሥራው መለካት ነበር እንጂ ማከም አልነበረም። እዚያ የተማረው አሜሪካዊ ላይትነር ዊትመር በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ጀመር። በ1896 ማርጋሬት ማጓየር የምትባል የፊላደልፊያ መምህርት የአንድ ተማሪዋን ጉዳይ ይዛ መጣች። ልጁ ቃላትን በትክክል መጻፍ አልሆነለትም። የሴትየዋ ሐሳብ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ሳይኮሎጂ የሚረባ ነገር ከሆነ ይሄን ልጅ መርዳት መቻል አለበት።

ዊትመር ልጁን መረመረው። የዓይን ችግር ተገኘበት፣ መነጽር ተደረገለት፣ ለብቻው ትምህርት ይሰጠው ጀመር። በዓለም የመጀመሪያው የሚባለው የሳይኮሎጂ ክሊኒክ የተወለደው እንዲህ ነው። "ክሊኒካል ሳይኮሎጂ" የሚለውን ስም ደግሞ ዊትመር በ1907 በጀመረው መጽሔት ላይ አወጣለት።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። አእምሯቸው የተጎዳ ወታደሮች ብዙ ስለነበሩ፣ የአሜሪካ መንግሥት የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት ከ1946 ጀምሮ ለሳይኮሎጂስቶች ሥልጠና ገንዘብ ማውጣት ጀመረ። ግን ሥልጠናው ምን ይምሰል? በ1949 ኮሎራዶ፣ ቦልደር ከተማ ላይ ተሰብስበው ተወያዩና ወሰኑ፦ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ሐኪምም ተመራማሪም ይሁን።

የተማሪዬ ጉዳይ እዚህ ጋ ገባኝ። ማመልከቻዋ ላይ "ሰው መርዳት እወዳለሁ" ብላለች፣ የቤተሰቧን መከራም ጽፋለች። ከልብ የተጻፈ ነው። የቦልደር ልጆች የሚጠይቁት ግን ሌላ ነው፦ "ምን ጠይቀሽ፣ ምን መርምረሽ ታውቂያለሽ?" እሷ አንድ ቀን ላብ ውስጥ ሠርታ አታውቅም። የድጋፍ ደብዳቤ ከጻፉላት ሦስት መምህራን ሁለቱ የሚያውቁት ኤ ማግኘቷን ብቻ ነው።

እና እንዲህ ተባባልን፦

1. ከተመረቀች በኋላ አንድ ሁለት ዓመት በረዳት ተመራማሪነት ትሥራ። ዳታ ማስገባትም ቢሆን ከዚያ ይጀመራል። የድጋፍ ደብዳቤውም ሥራዋን ካየ ሰው ይምጣ።

2. የዩኒቨርሲቲ ስም ትታ ሰው ትፈልግ። የፒኤችዲ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚገባው አንድ ፕሮፌሰር ሥር ነው። የሷ ጥያቄና የሱ ጥያቄ መገናኘት አለባቸው።

3. በሩን ትለይ። ፒኤችዲ ጥናት ላይ ያተኩራል፤ ብዙ ጊዜ ክፍያውን ዩኒቨርሲቲው ይሸፍናል። በ1968 ኢሊኖይ ውስጥ የተጀመረው ሳይዲ የሚባለው ዲግሪ ሕክምናው ላይ ያተኩራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከኪስ ነው። ማከም ብቻ ከሆነ ፍላጎቷ፣ የካውንስሊንግ ወይም የሶሻል ወርክ ማስተርስም ፈቃድ ያሰጣል። ነውር የለውም።

4. የራስ ቁስል ጥያቄ ሊወልድ ይችላል፤ ድርሰቱን በሙሉ ግን መያዝ የለበትም።

በመጨረሻ "እሺ፣ ያንቺ ጥያቄ ምንድን ነው?" አልኳት።

ብዙ ዝም አለች። ከዚያ "ቲቸር፣ እናቴ ስትጨነቅ ተጨነቅኩ አትልም። ራሴን አመመኝ፣ ሰውነቴን አቃጠለኝ ነው የምትለው። ክሊኒክ ስትሄድ የሚሰጧት ፎርም ላይ ደግሞ እንደዛ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስንቱ እናት እንደዚህ ሳይታወቅለት ይቀራል እላለሁ" አለችኝ።

"ይሄን ማመልከቻሽ ላይ ጽፈሽዋል?"

"አይ። ሳይንስ አልመሰለኝም።"

ምን መሰላችሁ፣ ስልኩን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። ይቺ ልጅ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ታበዛ ነበር። "ፈተና ላይ አይመጣም፣ ተቀመጪ" ያልኳት ቀን ትዝ አለኝ።

ማርክ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ያለ ማርክ ማመልከቻው አይነበብም። ግን የፊላደልፊያዋ መምህርት ዩኒቨርሲቲ የሄደችው የተማሪዋን ችግር ጥያቄ አድርጋ ነው፤ እኔ ደግሞ የተማሪዬን ጥያቄ አስቀመጥኩት።

ይቅርታ የኔ ልጅ። በሚቀጥለው ዓመት ስታመለክቺ በዚያ ጥያቄ ጀምሪ።

ሌሎቻችሁም ተቀመጡ ብያችሁ የቀረ ጥያቄ ካለ ከታች ጻፉልኝ። አሁን ጊዜ አለኝ።