ካምፕ፦ ከጦር ሜዳ እስከ ራሽን ካርድ

ካምፕ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሥሩ የላቲኑ «ካምፑስ» ነው፤ ሜዳ ማለት ነው። ከሜዳው ላይ የሰፈረው ጦር ስሙን ወሰደው። የእኛው «ሰፈር»ም የተነሣው ከድንኳን ነው፤ የንጉሥና የመኳንንት ሠራዊት ያረፈበት ቦታ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ድንኳኑ ቤት ሆነና ሰፈር ዛሬ ጎረቤት፣ እድርና ሱቅ ነው። ከመተማ ማዶ እስከ ሱዳኑ ገዳሪፍ ባለው አገር ግን ካምፕ ይህ ዕድል አልገጠመውም። ልጅ ተወልዶበት፣ አድጎ ቢዳርበትም አሁንም ካምፕ ነው።

ቃሉ ሳይደርስ ነገሩ ነበረ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የሱዳን ማሕዲስቶችን ምሽግ መተማ ላይ ገጥመው ወደቁ። በ1894 የተፈረመው የድንበር ውል መተማን በኢትዮጵያ፣ ገላባትን በሱዳን በኩል አስቀረ። በጥቅምት 1933 የእንግሊዛዊው አዛዥ የዊልያም ስሊም የህንድ 10ኛ ብርጌድ ገላባት ላይ ከጣሊያን ጋር ተዋጋ፤ ጥር 12 ቀን ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው በኡም ኢድላ በኩል አገራቸው ገቡ። ያኔ ካምፕ የወታደር ብቻ ነበር።

ያንን ሁሉ ወታደር ማብላት ስላስፈለገ እንግሊዞች በገዳሪፍ ዙሪያ በትራክተር ማሽላ ማረስ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ካምፕ የእርሻም ስም ሆነ። ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ መተማ ቢቀር ገዳሪፍ ቢሻገር፣ በእንጨትና በላስቲክ መጠለያ ውስጥ ያድራል። የሚያጭደው ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ፍሬው ሲደርቅ ከፈነዳ ምርቱ መሬት ላይ ይፈሳል። ስለዚህ በጥድፊያ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ቆሞ እንዲደርቅ «ሂላ» በሚባል ክምር ይደረደራል። ሂላው ከተራገፈ በኋላ ሠራተኛው ወባውን ወይም ካላዛሩን ይዞ ይመለሳል። የእርሻ ካምፕ ቢያንስ የሚያልቅበት ወር ይታወቃል።

የስደተኛ ካምፕ ግን ወር የለውም። በ1960ዎቹ ከኤርትራ፣ ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ ከጎንደርና ከትግራይ የሸሸው ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ጎረፈ። ኡም ራኩባና ተዋዋ የተባሉት ካምፖች ያኔ ተቆረቆሩ። በ1977ቱ ድርቅ ወድ ኮውሊ የተባለው ካምፕ በሰው ተጨናነቀ፤ ኩፍኝም ሕፃናትን ጨረሰ። ከኡም ራኩባ ነዋሪዎች መካከል ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። በኅዳርና በታኅሣሥ 1977 «የሙሴ ዘመቻ» ወደ 8,000 የሚሆኑትን ከካምፖቹ በአውቶቡስ ወደ ካርቱም፣ ከዚያም በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ወሰደ። በመንገድና በካምፕ የሞቱት ቤተ እስራኤላውያን 4,000 እንደሚደርሱ ይነገራል።

ቃሉ በአማርኛ የራሱን ወግ ያበጀው በዚህ ኑሮ ነው። «ካምፕ ገባ» ሲባል ሰውዬው ተመዘገበ፣ የራሽን ካርድ ያዘ ማለት ነው። በስልክ «የት ነህ?» ተብሎ «ካምፕ ነኝ» የሚል ሰው የቦታ ስም አልጠራም፤ የተናገረው ስለ ሁኔታው ነው።

በ2013 የትግራይ ጦርነት ሲፈነዳ ከ60,000 በላይ ሰው በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል ወደ ሱዳን ተሻገረ። ተዘግቶ የነበረው ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተ፣ ቱናይድባህም ተጨመረ። ሳይውል ሳያድር ጀበና ተጣደ፣ ፀጉር ቤት ተከፈተ፣ ስልክ በገንዘብ ቻርጅ የሚያደርግ ተገኘ። ሰው በእጁ ሰፈር ሠራ፤ ወረቀቱ ግን ካምፕ ማለቱን አልተወም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ተኩስ ሲከፈት መንገዱ ተገለበጠ። ሱዳናውያን በመተማ ገብተው ኩመርና አውላላ በተባሉ ካምፖች ሰፈሩ። በአካባቢው ግጭትና ዝርፊያ ስለበዛ በ2016 ወደ 1,000 የሚሆኑት አውላላን ጥለው ወጡ። ትናንት አስጠጊ የነበረ ዛሬ ተጠጊ ሆነ።

ባለሥልጣን ሁሉ ካምፕን ጊዜያዊ ይለዋል፤ ውሃውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ በጀቱም በዚያው ልክ ይሰፈራል። የዚህ ድንበር ታሪክ ግን ተቃራኒውን ይመሰክራል፦ ካምፕ ይዘጋል እንጂ አያልቅም። የኢትዮጵያ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ ሠርቶ እንዲያድርና ተንቀሳቅሶ እንዲኖር በር ከፍቷል። በሩ በተግባር እስኪሰፋ ድረስ ካምፕንና ሰፈርን የሚለየው ድንኳኑ ወይም ዘመኑ አይደለም። በሰፈር የሚኖር ሰው መቼና ወዴት እንደሚሄድ ራሱ ይወስናል፤ የካምፕ ሰው ግን ሌላ ይወስንለታል።