የኳስ ተጫዋች እንጀራ

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



በሆሳዕና፣ በዱራሜ ወይም በሺንሺቾ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ከሥራ በኋላ ሻይ ቤት ተሰብስበው ስለ እግር ኳስ ሲያወሩ፣ ክርክሩ ዞሮ ዞሮ ከአንድ ጥያቄ ላይ ይደርሳል። ይኸውም «ኳስ ለሚጫወት ወጣት ከአስተማሪና ከነርስ ደመወዝ የበለጠ ገንዘብ ስለ ምን ይከፈለዋል?» የሚል ነው። ይህን የሚጠይቀው ሰው ምቀኛ አይደለም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ መዝገብ ሲያገላብጥ የኖረ፣ ደመወዙን ከወር እስከ ወር በቁጥር የሚያደርስ የቤተ ሰብ አባት ነው። መልስ የሚሰጠውም ሰው ገንዘብ አባካኝ አይደለም፤ የከተማው ስም በአገሩ ሁሉ ሲጠራ በሰማ ጊዜ ልቡ በደስታ የሚሞላ ሰው ነው። ስለዚህ እኛ ጉዳዩን በቁጣ ሳይሆን በታሪክ ለመመልከት አሰብን። ታሪክ ፍርድ ባይሰጥ እንኳ ማስረጃ ያቀርባልና።

ጥያቄው የዛሬ አይደለም። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት በሰሜን እንግሊዝ፣ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶችና የሱፍ ፋብሪካዎች በበዙባቸው ከተሞች ተነሥቶ አንድን ጨዋታ ለሁለት ከፍሎ ነበር። ጨዋታው ራግቢ ይባላል፤ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው እየሮጡ፣ እየተጋፉና እየተጣጣሉ የሚጫወቱት ነው። በደቡብ እንግሊዝ ራግቢን የሚጫወቱት አብዛኛውን ጊዜ የባለጸጋ ልጆች ስለ ነበሩ «ጨዋ ሰው ለፍቅር እንጂ ለገንዘብ አይጫወትም» የሚል ሕግ አጸኑ። በሰሜን ግን ተጫዋቹ ከሰል ቆፋሪና የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ያን ጊዜ ቅዳሜ እስከ ቀትር የሥራ ቀን ነበርና፣ ተጫዋቹ ወደ ሌላ ከተማ ለግጥሚያ በሄደ ቁጥር የቀኑ ደመወዝ ይቆረጥበታል። ባለጸጋው በነፃ ሲጫወት ምንም አይጎድልበትም፤ ሠራተኛው በነፃ ሲጫወት ግን ልጆቹ ጦማቸውን ያድራሉ። አንዱ ሕግ ለሁለቱ እኩል መስሎ ሳለ እኩል ያልነበረው ስለዚህ ነው።

እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነሐሴ 29 ቀን 1895 ዓ.ም. የሃያ ያህል የሰሜን ክለቦች ተወካዮች ሃደርስፊልድ በምትባል ከተማ በአንድ ሆቴል ተሰብስበው ከአሮጌው ማኅበር ተለዩና የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ራግቢ ሊግ የተባለው ጨዋታ ከዚህ ተወለደ። በመጀመሪያ የፈቀዱት ለባከነው የሥራ ቀን 6 ሺሊንግ ብቻ መክፈልን ነበር። በ1898 ዓ.ም. በግልጥ ደመወዝ መክፈልን ሲፈቅዱ ደግሞ አንድ ቅድመ ግዴታ ጨመሩበት፤ ይኸውም ተጫዋች ሁሉ ከኳሱ ሌላ የታወቀ መደበኛ ሥራ ይኑረው የሚል ነበር። ይህም ግዴታ በ1905 ዓ.ም. ተሻረ።

ከዚያ ዘመን ተጫዋቾች አንዱ ሃሮልድ ዋግስታፍ ነበር። በ1906 ዓ.ም. ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ የሃደርስፊልድ ክለብ 5 ፓውንድ ከፍሎ አስፈረመው። በ17 ዓመቱ ለእንግሊዝ ተጫወተ፤ በኋላም የክለቡና የብሪታንያ ቡድን አለቃ ሆነ። በ1914 ዓ.ም. በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ፣ 13 ሆኖ የጀመረው ቡድኑ ተጫዋቾቹ እየተጎዱ ወጥተው ወደ 10 ዝቅ ባለበት ግጥሚያ 14 ለ6 አሸነፈ። በዓመቱም ክለቡ የውድድር ዘመኑን አራት ዋንጫዎች ሁሉ ሰበሰበ። ከዚያ ግን የዓለም ጦርነት የጉልበቱን ዘመን ከመካከሉ ቆረጠበት። ጨዋታውን ካቆመ በኋላ የመጠጥ ቤት አስተዳዳሪ ሆኖ ይኖር ነበር፤ በ1939 ዓ.ም. በ48 ዓመቱ አረፈ። የተጫዋች ሰውነት ቶሎ የሚሸጥ፣ ቶሎም የሚያልቅ ዕቃ መሆኑን የእርሱ ሕይወት ያስረዳናል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ የተደራጀው የእግር ኳስ ውድድር ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1930ዎቹ ዓመቶች ሲጀመር፣ ቡድኖቹ በአዲስ አበባ የሚኖሩት የአርመን፣ የግሪክ፣ የጣሊያንና የእንግሊዝ ሰዎች ያቋቋሟቸው፣ ከእነርሱም ጋራ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያውያን ቡድን ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበሩ። በዚያ ዘመን ደመወዝተኛ ተጫዋች አይታወቅም ነበር። የቅዱስ ጊዮርጊስ ዝነኛ ተጫዋች አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ከሃያ ዓመት በላይ ለክለባቸው ሲጫወቱ፣ በጎን የአገሪቱን የስፖርት ጽሕፈት ቤት እያቋቋሙና እየመሩ ነበር። በኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስም ፕሬዚዳንቱ ነበሩ። የእርሳቸው ትውልድ ኳስን እንደ ክብርና እንደ አገር አገልግሎት ይቆጥር ነበር።

ነገር ግን ተጫዋች ሁሉ እንጀራው በጽሕፈት ቤት የተዘጋጀለት አልነበረም። የዛሬው ንግግራችን ዋና ባለታሪክ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከእነዚህ ወገን ነው።

ሉቺያኖ በ1927 ዓ.ም. በአሥመራ ከተማ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ ወታደር አባት ተወለደ። ዘመኑ ክፉ ነበር። የፋሺስት መንግሥት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1940 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ጣሊያናዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ እንዳይቀበል ከለከለ። ስለዚህ እንደ ሉቺያኖ ያሉት ልጆች ከሁለት ወገን ተወልደው ከሁለቱም ወገን የሚገፉ ሆኑ። እናት ብቻዋን የምታሳድገው ልጅ ትምህርቱን ለመግፋት ስላልቻለ፣ ገና በልጅነቱ በምድር ባቡር የጥገና ክፍል ገብቶ የመካኒክነት ሙያ ተማረ። ቀን መፍቻ ይዞ ይውላል፤ ከሥራ ሲወጣ ኳስ ይጫወታል። የእርሱ ኳስ ከጅምሩ ከእንጀራ ጋራ የተያያዘች ነበረች።

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋራ በፌዴሬሽን ስትተሳሰር የአሥመራ ተጫዋቾች ለብሔራዊ ቡድን ሊመረጡ ቻሉ፤ ሉቺያኖም ከእነርሱ አንዱ ሆነ። አሥራ አምስት ዓመት ያህል የኢትዮጵያን መለያ ለበሰ። በክለብም በኩል፣ በድሬዳዋ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን፣ ሰው ሁሉ «ኮተን» እያለ በሚጠራው፣ ተጫወተ። ይህ ቡድን በ1950ዎቹ ዓመቶች የአገሪቱን ሻምፒዮና ደጋግሞ የወሰደ ነው። በዚያ ዘመን የፋብሪካው፣ የቴሌኮሙኒኬሽኑ፣ የፖሊሱና የጦር ሠራዊቱ ቡድኖች እየበረቱ የሄዱት፣ ለተጫዋቹ ሥራንና ጨዋታን በአንድ ጣራ ሥር ለመስጠት ስለ ቻሉ ነው። ተጫዋቹ በሠራተኝነት ይቀጠራል፤ ለልምምድና ለግጥሚያ ሲሄድ ደመወዙ አይቆረጥበትም። የሰሜን እንግሊዝ ሰዎች ተሰብስበው፣ ተጣልተውና ተለያይተው ያገኙትን መልስ፣ የእኛ መሥሪያ ቤቶች ያለ ብዙ ጭቅጭቅ አገኙት ማለት ይቻላል።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻ ግጥሚያ ተደረገ። ተጋጣሚያችን የቀደሙትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው ግብጽ ነበረች፤ ያን ጊዜ የተባበረው ዓረብ ሪፑብሊክ ትባል ነበር። የቡድናችን አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፣ የተጫዋቾቹም አለቃ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበሩ። ግብጾች ቀድመው አገቡ፤ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ወዲያው ደግሞ ግብጾች ሁለተኛውን አስቆጠሩ። ጊዜው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀር፣ ሕዝቡ ተስፋውን በቆረጠበት ሰዓት፣ ሉቺያኖ ሁለተኛዋን የአቻነት ግብ አገባ። በጭማሪው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመሩና ኢትዮጵያ 4 ለ2 አሸነፈች። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋንጫውን አንሥተው ለሉቺያኖ እጅ ሰጡ። ያቺ እጅ በባቡር ጥገና ክፍል መፍቻ ስትይዝ ያደገች እጅ ነበረች። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ያን ዋንጫ ደግማ አላነሣችም።

ክቡራን አድማጮች፤ ከዚህ በኋላ የሆነውን ማሰብ ይገባናል። ሉቺያኖ ጨዋታ ካቆመ በኋላ ወደ አሠልጣኝነት ተሸጋገረ። በደርግ ዘመን ግን ኑሮው ስላልተመቸው አገሩን ለቆ በጅቡቲ በኩል ወደ ጣሊያን ተሰደደ፤ ሮማ አጠገብ ባለችው በኦስቲያ ተቀመጠ። በዚያ አገር የአፍሪካን ዋንጫ ማንሣቱን የሚያውቅለት ሰው ጥቂት ነበር፤ ዋንጫም እንጀራ አይሆንም። ኑሮውን ለማቋቋም የረዳው በልጅነቱ የተማረው የመካኒክነት ሙያ ነው። ጉልበቱ ሲያልፍ ሙያው አላለፈም። በመስከረም 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ ሲያርፍ፣ በዚያ ቀን ዋንጫውን ካነሡት ሰዎች ጋራ ስሙ በአገራችን ታሪክ ተጽፎ ቀርቷል።

ሉቺያኖ በጣሊያንኛ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. አሳትሟል። የመጽሐፉ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «እማማ፣ ገንዘቡ ይኸውልሽ» እንደ ማለት ነው። የአፍሪካን ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥት እጅ የተቀበለ ሰው ለሕይወት ታሪኩ ስም ሲያወጣ ዋንጫውን አልጠራም፤ ልጅ ለእናቱ ገንዘብ ማድረሱን ጠራ። የክርክራችን ሁሉ ፍሬ ነገር በዚህ ስም ውስጥ ይገኛል። ተጫዋች ማለት ከሜዳው ባሻገር እናት፣ ሚስትና ልጆች የሚጠብቁት ሠራተኛ ነው። በነፃ ይጫወት ማለት ወይ ባለጸጋ ይሁን፣ ወይ ቤተ ሰቡ ይራብ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ሆሳዕናው ሻይ ቤት እንመለስ። ፕሪሚየር ሊግ የሚባለው ውድድር በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ኳስ በአገራችን ሙሉ የሙያ ሥራ ሆኗል። ቀድሞ አዲስ አበባ፣ አሥመራና ድሬዳዋ በብዛት ይጠሩበት በነበረው መድረክ ሀዲያ ሆሳዕና ተሰልፏል። የዱራሜውም ሀምበሪቾ በ2016 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በዚያው ሊግ ተጫውቷል፤ የከምባታ ተራራ ስም በአገሩ ሁሉ ተሰምቷል። ደመወዙም እጅግ ከማደጉ የተነሣ በ2011 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ እስከ መወሰን ደርሰው ነበር። የብዙዎቹ ክለቦች ገንዘብ የሚመጣው ከመንግሥት ድርጅቶች ወይም ከከተማና ከዞን አስተዳደር በጀት ስለሆነ፣ ግብር ከፋዩ ጠያቂ መሆኑ ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ ጥያቄው መስተካከል ያለበት ይመስለናል። «ለምን ይከፈለዋል?» ከማለት ይልቅ «የሚከፈለው ምን ያቆይለታል?» ብንል ይሻላል። የእንግሊዞቹ የ1898ቱ ግዴታ፣ ተጫዋች ሌላ ሥራ ይኑረው የሚለው፣ ባለሥልጣኖች በተጫዋች ላይ የጫኑት ቀንበር ስለ ነበረ አልጸናም። ዛሬም አስገዳጅ ሆኖ እንዲመለስ አንመኝም። በፈቃድና በምክር ሲሆን ግን ጥበብ ነው። የኳስ ዕድሜ አሥር ዓመት፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ዓመት ነው። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህም ይስማማል። በሃያ ዓመቱ ብዙ ብር የሚቀበል ልጅ በሠላሳ አምስት ዓመቱ ሙያ የሌለው ጎልማሳ ሆኖ ቢገኝ፣ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይሆንም፤ ያጨበጨብንለትም ሁላችን እንካፈለዋለን።

በጀት የሚያጸድቅ፣ ውል የሚያረቅና ደመወዝ የሚያስተላልፍ የመሥሪያ ቤት ሰው በዚህ ነገር ድርሻ አለው። ውሉ ሊፈጸም በሚችል መጠን እንዲጻፍ፣ የተጻፈውም በቀኑ እንዲከፈል፣ ለክለቡ ወጣቶች የማታ ትምህርትና የእጅ ሙያ የሚማሩበት ሰዓት እንዲመደብ ማድረግ፣ ከአንድ አጥቂ ዋጋ ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ፣ ከአንድ ዋንጫም የበለጠ ዕድሜ ያለው ሥራ ነው።

ከእነዚህ ከተሞች ሜዳ የሚወጣ ልጅ ነገ ለእናቱ «ገንዘቡ ይኸውልሽ» ለማለት ይበቃ ይሆናል። እኛ የምንመኝለት ኳሱን ካቆመም በኋላ ይህን ቃል ለመድገም እንዲችል ነው።