የአለቃ ደስታ ልጅ

ባለፈው ዓመት ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ ሮብ ገበያ ሄጄ ነበር። ከጮቄ የሚወርደው ብርድ አጥንት የሚሰብር ነው። በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ስወጣ የማውቃቸውን አንድ አረጋዊ መሪጌታ አገኘሁና ቦርሳዬ ውስጥ ለትምህርት የያዝኩትን የአንድ ሥዕል ቅጂ አሳየኋቸው፤ የገብረ ክርስቶስ ደስታን «ጎልጎታ»። ረዘም ላለ ጊዜ ሲመለከቱት ቆዩና «ይኼ የፈረንጅ ሥዕል ነው፤ ስቅለት እንዲህ አይሣልም» አሉኝ።

ይህን ፍርድ ዲግሪ ከደራረቡ የከተማ ሰዎችም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁና አልደነቀኝም። ገብረ ክርስቶስ በሕይወት ሳለም ሲነገረው የኖረ ክስ ነው። «ሀገሬ» የተሰኘውን ግጥሙን በቃሉ የሚወጣው ትውልድ እንኳ ሥዕሎቹን ባዕድ ናቸው ይላል። አንድ ሰው በብዕሩ ኢትዮጵያዊ፣ በብሩሹ ፈረንጅ የሚሆነው እንዴት ነው?

ገብረ ክርስቶስ እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነቃጥበብ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ ልጁ ከቀለም ጋር የተዋወቀው እዚያው ቤት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ የጀመረውን የእርሻ ትምህርት አቋርጦ በ1957 ወደ ጀርመን፣ ኮሎኝ ተሻገረ። በ1962 ተመልሶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። «ጎልጎታ»ን የሣለው በተመለሰ በዓመቱ ነው። ደም የመሰለ ቀይ፣ ፊቱ የማይለይ አካል። የአሣሣል ዘይቤው የኮሎኝ ነው፤ አልክድም። ሕማማቱ ግን ከየት መጣ? እኔ እንደሚመስለኝ በየዓመቱ ዓርብ ስቅለት ሲሰግድ ካደገ ልጅ።

ወደ መሪጌታው ልመለስ። እርሳቸው የሚሳለሙት የግድግዳ ሥዕል እመቤታችን ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋ የምትታይበት ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን ኒኮሎ ብራንካሊዮን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ወደ ሀገራችን መጥቶ መርቆሬዎስ ተብሎ ኖረ፤ እዚሁ ጎጃም ዋፋ ኢየሱስን የሣለውም እርሱ ነው። ሕፃኑን በግራ ክንዷ አድርጎ በመሣሉ ክብረ ነክ ነው ተብሎ ቁጣ እንደተቀሰቀሰ ተጽፏል። በኋላ ደግሞ ኢየሱሳውያን ያመጡት የሮማዋ የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ሥዕል ቅጂ በጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች እጅ አምሮና ተለውጦ የእኛው «ምስለ ፍቁር ወልዳ» ሆነ። ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ፤ ሥዕላቸው ቀረ። ዛሬ በግራ ክንድ የታቀፈውን ሕፃን መጤ የሚለው የለም።

«መጤ» የምትለው ቃል በፖለቲካችን ለሰውም ለሐሳብም ምን እንዳደረገች አንባቢ ያውቃል። ለሥዕል ግን አንድ ጊዜ እንኳ ታሪክ ጠይቀን አልፈረድንም።

ገብረ ክርስቶስ በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ። ከአብዮቱ በኋላ ግን በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሀገር ወጣ፤ በጀርመን በኩል አሜሪካ ገብቶ በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ ሞተ። ዕድሜው ሃምሳ አልሞላም። በ2008 በስሙ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል ተከፈተ፤ ጀርመን ቀርተው ከነበሩት ሥዕሎቹም የተመለሱ አሉ። ዘግይቶም ቢሆን ደግ ሥራ ነው።

ለመሪጌታው ይህን ሁሉ አልተረክሁላቸውም። የሠዓሊውን ስም ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«ካህን ነው እንዴ?»

«የካህን ቤት ልጅ ነው። አባቱ አለቃ ደስታ ብራና የሚሥሉ ነበሩ።»

ወረቀቱን መልሰው ተቀበሉኝና ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። «ቀዩስ ልክ ነው» አሉ። «ነገር ግን ልጄ፣ ፊት የሌለው ሥዕል አይሳለሙትም።»

እውነታቸውን ነው፤ «ጎልጎታ»ም የተሣለው ሊሳለሙት አልነበረም።