በአዋጅ ቦይ የሆነው ወንዝ

መንግሥት በአዋጅ ስንት ነገር ያደርጋል! መሬት ይወርሳል፣ ግብር ይጥላል፣ የከተማ ስም ይለውጣል። ወንዝን በአዋጅ የቆሻሻ ቦይ ያደረገ መንግሥትስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በፈረንጆቹ 1895 የኒውዚላንድ መንግሥት ኦሂኔሙሪ የተባለውን ወንዝና እርሱ የሚገባበትን ዋይሆውን “የጭቃ መውረጃ” ብሎ አወጀ። የወርቅ ኩባንያዎች ድንጋይ ፈጭተው የተረፋቸውን ወንዙ ውስጥ ቢደፉ ከእንግዲህ ከሳሽ የለባቸውም ማለት ነው። ዛሬ ዋይሆው ባህር በሚገባበት፣ ፈርዝ ኦፍ ቴምስ በሚባለው ባህረ ሰላጤ፣ ሰፊ የማንግሮቭ ደን ቆሟል። የአዋጁና የደኑ ዝምድና ምንድን ነው?

ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ካፒቴን ጄምስ ኩክ በ1769 ይህን ወንዝ በጀልባ ሽቅብ ሲወጣ ያየው በግዙፍ ዛፎች የተሞላ ረግረግ ነበር። አንዱን ዛፍ ቢያስለካው ዙሪያው ስድስት ሜትር ያህል ሆነ። በኋላ ግን እነዚያ ዛፎች ለጣውላ እየተቆረጡ፣ ረግረጉም እየተጠነፈፈ የወተት ላም ግጦሽ መሆን ጀመረ። በ1875 የኦሂኔሙሪ አካባቢ ለወርቅ ፈላጊዎች ተከፈተ። በ1889 ወርቅን በሳያናይድ የመለየት ዘዴ ካራንጋሃኬ ላይ ሥራ ላይ ዋለ። ዋይኪኖ ላይ ደግሞ 200 የብረት ዘነዘናዎች ያሉት መውቀጫ ተተከለ። እነዚያ ዘነዘናዎች ሲወቅጡ የዋሉት ድንጋይ፣ ወርቁ ከወጣለት በኋላ፣ ደቃቅ አሸዋና ጭቃ ሆኖ ወደ ወንዙ ወረደ። ዛፍ የተነቀለበት ኮረብታ አፈሩን ጨመረበት።

ዋጋውን ማን ከፈለ? ወርቁን ያገኘው አልከፈለም። የወንዙ ወለል በደለል ከፍ እያለ ሲሄድ ጀልባ ማለፍ ተሳነው። በወንዙ ይኖሩ የነበሩት ማኦሪዎች ወንዛቸው ተበላሸ። በ1907 በደረሰው ታላቅ ጎርፍ ፓኤሮአ የተባለችው ከተማና በዙሪያዋ ያለው እርሻ ጭቃ ለበሰ። ገበሬው ጮኸ። በ1910 ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚሽን ተሰየመ፤ ሁለቱን ወንዞች ለማስተካከል ሕግ ወጣ። ከወንዙ ግራና ቀኝ የአፈር ክትር ተሠራ። ገበሬው በመጠኑ ተነፈሰ፤ ሜዳው ላይ ይቀር የነበረው ጭቃ ግን ክትሩ እየመራው ወደ ባህር ሄደ።

ባህሩ ጋ ደግሞ ሌላ ታሪክ ይጀምራል። እዚያ የሚበቅለው ማንግሮቭ ከምጽዋ ዳርቻ ካለው ጋር አንድ ዝርያ ነው። ሥሩ አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ ስለሚኖር እርሳስ የሚያካክሉ መተንፈሻዎችን ሽቅብ ያወጣል። ችግኙ ባህር ውስጥ ገብቶ አይበቅልም፤ ጭቃው ከፍ ብሎ፣ ውሃው በየቀኑ ሸሽቶለት፣ ሞገዱም ጸጥ ሲልለት ነው ሥር የሚሰደው። ፈርዝ ኦፍ ቴምስ ላይ ለብዙ አሥርት ዓመታት የተከማቸው ደለል ይህን ከፍታ ሰጠው። ከ1950ዎቹ ወዲህ ደኑ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ባህር ገፋ። ካደገ በኋላም ሞገዱን እያበረደ ተጨማሪ ጭቃ ይይዛል።

ታዲያ ደለል ለማንግሮቭ በረከት ነው እንበል? አንቸኩል። ከሞምባሳ አጠገብ የምዋቼ ወንዝ አፍ ላይ በ1997 እና 1998 የኤልኒኖ ዝናብ ያወረደው ደለል ማንግሮቩን ገድሎታል። ጭቃው በአንድ ጊዜ ሲጫን መተንፈሻ ሥሮቹ ይቀበራሉ፤ ዛፉ ታፍኖ ይሞታል። ጥቂት በጥቂት ሲመጣ የሚያሳድገው ጭቃ፣ ሲበዛና ሲፈጥን መቃብሩ ነው።

ኒውዚላንድ ውስጥ ዛሬ በየባህሩ ዳርቻ “ማንግሮቩ ይነቀልልን” የሚሉ ነዋሪዎች አሉ። አሸዋቸው ጠፍቷል፤ እይታቸው ተጋርዷል። ቅሬታው ከንቱ አይደለም። ከአላስካ ድረስ የሚበሩ ወፎች የሚመገቡበት የፈርዝ ኦፍ ቴምስ ክፍት ጭቃ፣ በ1990 በራምሳር ስምምነት የተመዘገበው፣ በደኑ ሊጠብ ይችላል። ነገር ግን ዛፉን ወራሪ ማለት፣ አበው እንደሚሉት፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ማንግሮቭ ከተነቀለባቸው ቦታዎች በብዙዎቹ የታየው አንድ ነው፤ ዛፉ ሄደ፣ ጭቃው ቀረ። አሸዋው አልተመለሰም።

አሸዋውን የሚፈልግ ሰው ፊቱን ከባህሩ አዙሮ ወንዙን ሽቅብ መሄድ አለበት፤ ወደ ተራቆተው ኮረብታ፣ ወደ ግጦሹ፣ አዋጁ ወደ ፈቀደው የድንጋይ ዱቄት። የ1895ቱ ሹማምንት ጭቃው ባህር ሲገባ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ነበር። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ከዛፉ ጋር ይጣላሉ።