ከመስቀል እስከ ፋሲካ

የመኳንንቱ ዜና በብዙ እጅ ተጽፏል። እኛ የምንጽፈው ከጋሞ ደጋ ወርዶ በኦጋዴን ቆላ ስለ ሰፈረው ሰውና እርሱ ሲሄድ በቤቱ ስለ ቀረው ነገር ነው።

በ1928 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ መስከረም 22 ቀን፣ በዕለተ ሐሙስ፣ የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። በዚያው ቀን በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ነጋሪት ተጎሰመ፣ የክተት ዐዋጅም ተነገረ። ይህም መስቀል ከዋለ ከ5 ቀን በኋላ ሆነ። ቀኑን የምንቆጥረው በከንቱ አይደለም። የጋሞ ሰው የትም ቢከርም በመስቀል ወደ ቤቱ ይገባልና። በአዲስ አበባ ሸማ ሲሠራ የከረመው ዶርዜ ያጠራቀመውን ብር በመቀነቱ ቋጥሮ ይመጣል፤ ቅርጫ ይታረዳል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ሙሽራይቱም ራሷን ቅቤ ተቀብታ ወደ ገበያ ትወጣለች፣ ሕዝቡም ያያታል። እንግዲህ የክተቱ ወሬ ወደ ደጋው ሲወጣ የመስቀል ሰሞን ገና አላበቃም ነበር።

በዚያ ዘመን የጋሞ ጎፋ ገዥ ደጃዝማች አበበ ዳምጠው ነበሩ፣ የራስ ደስታ ዳምጠው ወንድም። የግዛቱም መቀመጫ ጨንጫ ነበረች። አርባ ምንጭ ገና ከተማ አልሆነችም፤ ምንጮቹ ብቻ ከገደሉ ሥር ለራሳቸው ይፈልቁ ነበር። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በአገሩ የሰፈረው ነፍጠኛና የነፍጠኛ ልጅ ጠመንጃውን ከግድግዳው አወረደ። ውጅግራ የያዘ አለ፣ ለበን የያዘ አለ፣ ምንሽር የያዘ አለ፤ ጥይቱ ግን ጥቂት ነበር። ገባሩም ስንቅ ተሸክሞ፣ በቅሎ ጎትቶ፣ ከጌታው ኋላ ተከተለ። ጸሐፊዎች የጠመንጃውን ባለቤት በስሙ ይጠሩታል፣ የተሸካሚውን ስም ግን አይጽፉም። ያለ እርሱ ትከሻ አንድ ኩንታል እህል እንኳ ኦጋዴን ባልደረሰ ነበርና፣ ይህን ሳንጽፍ ብናልፍ በደል ይሆንብናል።

ከጨንጫ ቁልቁል ሲወረድ ሁለቱ ሐይቆች ከታች ይታያሉ። አባያ እንደ ጎርፍ ውኃ ደፍርሶ ቀይ ነው፣ ጫሞ ጠርቶ ሰማያዊ ነው፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለው ተራራ ተጋድሟል። ዘማቹም ይህን ሁሉ ውኃ ከኋላው ትቶ የጉድጓድ ውኃ በቅል እየተለካ ወደሚጠጣበት አገር ሄደ። በእንሰት ጥላ ያደገ ሰው ከእሾህና ከአሸዋ መካከል ገባ። ጉንፋን እንጂ ወባ የማያውቀው ደገኛ በወባ ተንቀጠቀጠ።

የደጃዝማች አበበም ጦር በደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል በሚመራው በኦጋዴን ግንባር ተሰለፈ። ከዚያ አስቀድሞ፣ በጥቅምት ማለቂያ፣ ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ጎራሄን ሲጠብቁ በአውሮፕላን ቦምብ ቆስለው ሞተው ነበር። የእርሳቸው ዜና በየሰፈሩ ይነገር ነበር። ሰውም ከአውሮፕላን የሚያድነው ምሽግ መሆኑን ተረዳ።

ምሽጉን ያስቆፈሩት ወሂብ ፓሻ የሚባሉ የቱርክ ጄኔራል ናቸው። እኒህ ሰው በታላቁ ጦርነት ጊዜ በጋሊፖሊ ከእንግሊዝና ከፈረንሣይ ጋር የተዋጉ ነበሩ፤ በዚያ የተማሩትንም ይዘው መጡ። በሳሳበነህና በደገሃቡር በኩል መሬቱ ተቦደሰ።

በዚህ ስፍራ ጥቂት እንቆይ። የጋሞ ሸማኔ ሸማ የሚሠራው በቤቱ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ በአፋፉ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ጉድጓዱ ሰዶ ነው። ድሩ በፊቱ ይወጠራል፣ እግሩ ከታች መርገጫውን ይረግጣል፣ መወርወሪያውም ከእጅ ወደ እጅ ይሮጣል። ያ ሰው አሁን ደግሞ በሌላ ጉድጓድ አፋፍ ተቀመጠ፤ በጉልበቱ ላይ ግን ሸማ ሳይሆን ጠመንጃ ተጋደመ። በትከሻውም ላይ ያለው ነጭ ጋቢ ለአውሮፕላን ምልክት ይሆናልና፣ ነጩን ልብስ ማቅለም ወይም መደበቅ ግድ ሆነ። ሚስቱ በእንዝርት የፈተለችውን፣ እርሱ ራሱ የሠራውን፣ ለመስቀል ታጥቦ የነጣውን ጋቢ ከጭቃ ነከረው። እኛ ከሰማነው የዘመቻ መከራ ሁሉ ይህ አንዱ ከልባችን አልወጣም።

ቀን ጭስ አይታይም ነበር፤ ጭስ ያየ አውሮፕላን ይመለሳልና። ስለዚህ እሳት የሚነደው በሌሊት ነው። ከቤት የመጣው በሶና ቆሎ አልቆ ነበር። ባሏን ተከትላ የዘመተች ሴት ያለችበት ሰፈር ዕድለኛ ነው፣ ከምንም ከምንም ቂጣ ይጋገርበታልና። ኢጣልያ ራሷ በጄኔቫ የፈረመችው ውል የከለከለው የመርዝ ጋዝም በደቡቡ ግንባር ይጣል ነበር። ቆዳን የሚልጥን ጢስ በምሽግ መመከት የሚቻለው ማንም አልነበረም።

በቤት የቀረችውስ? እንሰት መፋቅ፣ ቆጮ መቅበር፣ ከብት መጠበቅ ቀድሞም የእርሷ ሥራ ነበር፤ አሁን የወንዱ እርሻ ተጨመረባት። ጥጥ መፍተልም አልተወችም። ነገር ግን በጋሞ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ስለዚህ ክሩ ተፈትሎ ተጠቅልሎ ይቀመጥ ነበር፣ በላዩም ሌላ ክር ይደረብ ነበር፤ በጓዳው ያለው የሸማኔ ጉድጓድ ግን ባዶ ነበር። ደብዳቤ የሚጽፍም የሚያነብም እምብዛም አልነበረም። ወሬ የሚገኘው በገበያ ቀን ከመንገደኛ አፍ ነው፣ እርሱም ካንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የሞተው ሲድን፣ የዳነው ሲሞት ይውል ነበር።

የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ዋለ። ክርስቲያን የሆነው ሁሉ ሁዳዴን በምሽግ ጾሞ በምሽግ ፈሰከ፤ የሚገደፍበት ግን ምን ነበረ? በ3ኛው ቀን፣ ማክሰኞ ሚያዝያ 6፣ የኢጣልያው ጄኔራል የግራዚያኒ ጦር በሦስት ረድፍ፣ በታንክና በአውሮፕላን ተነሣ። ዝናብ ዘንቦ ስለ ነበር የጠላት ካሚዮን ጭቃ ያዘው፤ የእኛም ሰው በጃናጎቦ ከዋሻና ከገደል ውስጥ ሆኖ ብርቱ ውጊያ ተዋጋ። ነገር ግን ሰማዩ የጠላት ነበር። ሚያዝያ 22 ቀን ደገሃቡር ተያዘች። በ24 ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጅቡቲ ወጡ፣ በ27 አዲስ አበባ፣ በ30 ሐረር ተያዙ። ደጃዝማች ነሲቡም በስደት ሳሉ በ1929 ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ በስዊስ አገር ዐረፉ።

ጦሩ ተበተነ። ለጦር ሲወጣ ነጋሪት ተጎስሞለት ነበር፤ ሲመለስ ግን የሚቀበለው ሹም አልነበረም። ባዕድ በያዘው አገር፣ ጠመንጃውን ደብቆ ወይም በእህል ለውጦ፣ በሌሊት እየሄደ፣ ቀን በዱር እየዋለ ወደ ደጋው አቀና።

መስከረም 17 ቀን 1929 እንደገና መስቀል ሆነ። የጋሞ ሰው በመስቀል ወደ ቤቱ ይገባል ብለናል። የተመለሰው ገባ፤ እግሩ ቆስሎ የነበረ እንኳ እግሩን ወደ ጉድጓዱ ሰዶ፣ ዓመት ሙሉ የተጠራቀመውን ክር በድር ወጠረ። ባልዋ ያልተመለሰ ሴት ግን አስከሬን አላየችም፣ መርዶ ነጋሪም አልመጣላትም፤ ስለዚህ በለቅሶው ሜዳ ልትቆም አልቻለችም። መንገዱን እያየች ቆየች፤ በማታም እንዝርቷን አንሥታ ፈተለች።