የጎበጠ ጀርባና የዶክተር ኦልብራይት ጥያቄ

አረጋውያን እናቶች ጀርባቸው ሲጎብጥ፣ ቁመታቸው ሲያጥርና በትንሽ መሰናከል አጥንታቸው ሲሰበር «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ ለብዙ ዘመን የኖረ ልማድ ነው። ሐኪሞችም ቢሆኑ ከዚህ ልማድ ነፃ አልነበሩም። ጉብጠቱ የዕድሜ ዕዳ ብቻ ሳይሆን ከሆርሞን ጉድለት ጋር የተያያዘ በሽታ መሆኑን በግልጽ ካመለከቱት መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሱት አሜሪካዊው ሐኪም ፉለር ኦልብራይት ናቸው።

ዶክተር ኦልብራይት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1900 በቡፋሎ ከተማ ተወልደው የሕክምና ትምህርታቸውን በ1924 በሃርቫርድ ፈጸሙ። ጥቂት ዓመታት ቆይተውም ወደ ቪየና ተሻግረው ያዕቆብ ኤርድሃይም ከተባሉት የሥነ በሽታ ሊቅ ዘንድ ተማሩ። አብዛኛውን ሥራቸውን ያከናወኑት ግን ቦስተን በሚገኘው በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ነው። በዚያ አሥር አልጋ ባለው የምርምር ክፍል በሽተኛው የሚመገበው ሁሉ ይመዘናል፤ ከሰውነቱ የሚወጣውም እንዲሁ ይለካል። በገቢውና በወጪው መካከል ያለው ልዩነት ሰውነት ካልሲየም እያጠራቀመ ወይም እያጣ መሆኑን ያሳያል። ዘዴው አድካሚ ነበር፤ ይሁንና አጥንት ሕይወት አልባ ምሰሶ ሳይሆን ዘወትር የሚፈርስና የሚታደስ ሕያው አካል መሆኑን በቁጥር ለማጥናት አስቻለ።

ኦልብራይትና ባልደረቦቻቸው በ1941 ባወጡት ጽሑፍ፣ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በታች ሆኖ አጥንታቸው ያለ ሌላ ግልጽ ምክንያት የሳሳባቸውን 42 በሽተኞች መርምረው 40ዎቹ የወር አበባቸው የተቋረጠ ሴቶች መሆናቸውን ገለጹ። ምክንያቱ ዕድሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወንዶቹስ ወዴት ሄዱ? በሌላ በኩል እርግቦች እንቁላል ከመጣላቸው በፊት በአጥንታቸው ውስጥ ካልሲየም እንደሚያከማቹ አስቀድሞ ታውቆ ነበር። ከዚህ ተነሥተው ተመራማሪዎቹ ለበሽተኞቹ ኤስትሮጅን ቢሰጡ ከሰውነታቸው የሚወጣው ካልሲየም ቀነሰ።

ኦልብራይት ይህን የተረጎሙት ኤስትሮጅን ሲጎድል አጥንት ገንቢ ሕዋሳት ይደክማሉ በማለት ነበር። የኋለኞቹ ጥናቶች ግን ዋናው ጉዳት የሚመጣው አጥንት አፍራሽ ሕዋሳት ከልክ በላይ ሲበረቱና ግንባታው ሊደርስባቸው ሳይችል ሲቀር መሆኑን አስረዱ። ስለዚህ ትርጓሜው ታረመ፤ ምልከታው ግን ጸና። በ1994 ሰውነቱ ኤስትሮጅንን መቀበል የማይችል የ28 ዓመት ወንድ አጥንቱ ሳስቶ መገኘቱ ሲዘገብ፣ ሆርሞኑ ለወንድም አጥንት አስፈላጊ መሆኑ ታወቀ።

ሕክምናውም ቢሆን ያለ ዋጋ አልመጣም። ኤስትሮጅን ብቻውን ሲሰጥ ለማሕፀን ካንሰር እንደሚያጋልጥ በ1975 ተገለጸ። በ2002 ደግሞ 16,608 ሴቶች የተሳተፉበትና ኤስትሮጅንን ከፕሮጀስቲን ጋር የመረመረው የአሜሪካ ጥናት ከታቀደለት ጊዜ በፊት ተቋረጠ፤ የዳሌ ስብራት ቢቀንስም የጡት ካንሰርና በአንጎል ውስጥ የደም ዝውውር መታወክ ጨምረው ተገኝተዋልና። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ የሚታዘዘው የእያንዳንዷ ሴት ጥቅምና ጉዳት ተመዝኖ ነው።

ስለ ሌሎች ሰዎች አጥንት ይህን ያህል የደከሙት ሐኪም የራሳቸው አካል አልታዘዘላቸውም። ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የፓርኪንሰን በሽታ ያዛቸው። እጃቸው እየተንቀጠቀጠና ንግግራቸው እየደከመ ከሃያ ዓመት ያላነሰ ጊዜ በሥራቸው ጸኑ፤ በ1948ም ከኤድዋርድ ራይፈንስታይን ጋር ስለ ፓራታይሮይድ ዕጢዎችና ስለ አጥንት በሽታዎች የጻፉትን መጽሐፍ አሳተሙ። በ1956 ከበሽታው እንዲገላግላቸው የተደረገው የአንጎል ቀዶ ሕክምና ግን ደም በመፍሰሱ አንደበታቸውን ዘጋው፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1969 ድረስም በዚያው ሁኔታ ኖሩ።

ከሥራቸው ለሙያ ባልደረቦች የሚተርፈው ትምህርት ቀላል ነው። የጎበጡ እናት በምርመራ ክፍል ሲቀመጡ ዕድሜያቸውን ጠይቆ መዝገቡን መዝጋት አይበቃም፤ የወር አበባቸው መቼ እንደቆመና ቁመታቸው ምን ያህል እንዳጠረ መጠየቅም ይገባል። ዶክተር ኦልብራይት ከአርባ ሁለት በሽተኞች መካከል አርባዎቹን ያዩት፣ ሌላው «እርጅና ነው» ብሎ ባለፈበት ስፍራ ቆመው በመቁጠራቸው ነው።