ትዝታ በመርሳት ሕመም፦ ጌዴኦ ዞን

የመርሳት ሕመም (ዲሜንሺያ) የማስታወስ፣ የማሰብና የዕለት ኑሮን የመምራት ችሎታ እየተዳከመ የሚሄድበት ሁኔታ ነው። ዋነኛ መንስኤው አልዛይመር ነው። ይህ በሽታ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያጠቃው አዲስ ነገር የሚመዘግበውን ሂፖካምፐስ የተባለ የአንጎል ክፍል ስለሆነ፣ የጠዋት ቁርሱን የዘነጋ አዛውንት የልጅነት መንደሩን እያንዳንዱን ደጅ ሊተርክ ይችላል። ፈረንሳዊው ቴዎዱል ሪቦ አዲሱ ትዝታ ከአሮጌው ቀድሞ እንደሚጠፋ የጻፈው በ1881 እ.ኤ.አ. ነበር።

በአረጋውያን ዘንድ ከ10 እስከ 30 ዓመት ገደማ ያለው ዕድሜ ትዝታ በተለይ ጎልቶ ይቀራል። ዛሬ 80 ዓመት ላለፋቸው የጌዴኦ አረጋውያን ይህ ዘመን የባለርስትና የጭሰኛ ዘመን ነው፤ ገበሬዎች በባለርስቶች ላይ የተነሡበት የ1960 እ.ኤ.አ. የሚጪሌ አመፅና የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅም የሚወድቁት እዚያው ውስጥ ነው። እናት ዛሬም ግብር የሚሰበስብ ሰው ይመጣል ብለው ቢሰጉ ቅዠት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ የኖሩበት ፍርሃት ነው።

በእጅ የተለመደ ሥራ ከስምና ከቀን ይልቅ ይዘልቃል። እንሰት መፋቅ፣ እሸት ቡና መልቀም፣ ቡና መቁላትና ማፍላት፣ ሽማግሌዎች በሶንጎ (በባህላዊው ሸንጎ) ተቀምጠው መምከራቸው፣ የጌዴኦ ዘመን መለወጫ የሆነው የደራሮ በዓል፣ ሁሉም ትዝታ ቀስቃሽ ናቸው። እንሰትና ቡና በዛፍ ጥላ ሥር አብረው የሚበቅሉበት የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጓሮው ግን ከምዝገባው በፊትም ለአረጋዊው ማስታወሻው ነበር። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት እንደታየው ሰው ከቀዬው ሲፈናቀል እነዚህ ቀስቃሾች አብረው ይርቃሉ፤ የማያውቁት ቦታ ደግሞ ግራ መጋባትን ያባብሳል።

አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት በትለር በ1963 እ.ኤ.አ. ያለፈ ሕይወትን መለስ ብሎ መቃኘት የእርጅና ተፈጥሯዊ ክፍል መሆኑን ካስረዳ በኋላ፣ በትዝታ ላይ የተመሠረተ እንክብካቤ ተስፋፋ። ጥናቶች ያሳዩት ለውጥ መጠነኛና ወጥነት የሌለው ነው፤ በሽታውንም አይፈውስም። ጨዋታውና መቀራረቡ ግን ለብቻው ዋጋ አለው። «ቤቴ ውሰዱኝ» የሚሉትን አባት «ቤትዎ ይኸው» ብሎ ከመከራከር ስለዚያ ቤት መጠየቅ ይሻላል።

በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ የመጣ መርሳት ግን ብዙ ጊዜ የኢንፌክሽን ወይም የሌላ ሕመም ምልክት ነው። «ጃጅተዋል» ብሎ ሳይተዉ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።